ጠላ፦ ከጥንስሱ እስከ ዳኝነቱ

ጠላ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚጠመቅ የኢትዮጵያ የቤት መጠጥ ነው። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል። የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው፤ ቅራሪው ከዚህም ይወርዳል። የሚዳኘው በቅጽ ሳይሆን በልምድ ነው፤ ሆኖም ልምዱ ልቅ አይደለም። አንዲት የበቃች ጠማቂ ከአንድ ጉንጭ በኋላ ጋኑ በደንብ መታጠኑን፣ ብቅሉ መድረቁን፣ አሻሮው (የተቆላው ገብስ) ማረሩን ትለያለች። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚመለከተው የማዕከላዊውን ደጋ፣ በተለይም የሰሜን ሸዋን የገብስ ጠላ ነው።

ታሪክ

በነገሥታቱ ግብር ጠጅ የመኳንንቱ፣ ጠላ የብዙኃኑ መጠጥ ነበር። በገጠር ደቦ፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተዝካርና ሠርግ ያለ ጠላ አይታሰብም፤ ጥምቀትና ፋሲካም እንዲሁ። የጠመቃው ሙያ የሴቶች ነው።

ከተማ ሲሰፋ ጠላ ከቤት ፍጆታ ወደ ገበያ ወጣ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ነው። ጠላ ቤት መኖሩ የሚታወቀው በር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይታያል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ተመሥርቶ ቢራ ወደ ከተማው ቢገባም፣ ጠላን ከድግስ አላወጣውም። ይልቁንም የከተማው ሰው የጠራ መጠጥ መውደዱ ድፍድፉን፣ ማለትም ውኃ ሳይሞላበት እንደ ገንፎ የወፈረውን፣ በጥቂት ውኃ በጥብጦ በጨርቅ ማጥለልን አስፋፋ። እንዲህ ያለው የተጠለለ ጠላ ከተራው ይጠነክራል፤ ብዙ ጊዜ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። በለሰለሰ አጠጣጡ የተታለለ ሰው ሲነሣ ነው የሚያውቀው።

ግብዓቱ

ጌሾ ቅጠሉም እንጨቱም ይፈለጋል፤ ቅጠሉ ለጥንስስ፣ የተከተከተው እንጨት ለድፍድፍ። ምሬቱ በዋናነት ጌሾይዲን ከተባለ ንጥረ ነገር ይመጣል። ጌሾን ከሆፕስ፣ ቢራን ከሚያመርረው ተክል፣ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው፤ ንጽጽሩ ግን እኩሌታው ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ያመርራሉ፣ ሁለቱም አበላሽ ባክቴሪያን ይገታሉ። ነገር ግን ሆፕስ ምሬቱን ለመስጠት መፍላት አለበት፤ ጌሾ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በቀናት ያወጣዋል። ሆፕስ የሎሚና የጥድ ሽታ ሲያመጣ ጌሾ የሚያመጣው የደረቀ ቅጠልና የእንጨት ሽታ ነው። ስለዚህ የአሜሪካን አይፒኤ፣ ማለትም ሆፕስ የበዛበትን ቢራ፣ መቅመስ የለመደ ሰው ጠላ ላይ አፍንጫውን ዘንበል አድርጎ የአበባ ሽታ ቢፈልግ አያገኝም። የጌሾ ምሬት የሚመጣው ከመዋጥ በኋላ፣ ከምላስ ሥር ነው።

ብቅል ለማብቀል ገብሱ አንድ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይንጠፈጠፍና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ድንጋይ ይጫነዋል። እንደ አየሩ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሥሩ ተጠላልፎ ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲቃረብ ተበታትኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እዚህ ላይ መቸኮል የብዙ ጥፋት መነሻ ነው፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ የተከተተ ብቅል ይሻግታል። የሻገተ ብቅል ይጣላል እንጂ ታጥቦ ወይም ተቆልቶ አይድንም፤ የሻጋታው መርዝ በሙቀት በቀላሉ አይጠፋምና።

አሻሮ ማለት የተቆላ ገብስ ነው፤ ጠቆር ብሎ የተቆላው በብዙ ቤት ደረቆት ይባላል። የጠላውን ቀለም የሚወስነው ይኸው አቆላል ነው። ከገብስ ሌላ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴና ጤፍ ይገባሉ። በቆሎ ብዙ ጊዜ እንኩሮ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ዱቄቱ በውኃ ርሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ ይበስላል።

አጠማመቁ

መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ለ25 ሊትር ያህል ጠላ የሚሆን መነሻ ልክ ይህ ነው፦ የተወቀጠ ጌሾ ቅጠል ግማሽ ኪሎ፣ የተከተከተ ጌሾ እንጨት 300 ግራም ያህል፣ የብቅል ዱቄት አንድ ኪሎ ተኩል፣ የአሻሮ ወይም የእንኩሮ ድብልቅ 5 ኪሎ።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ማጠን ለሽታ ብቻ አይደለም። ሸክላ ባለ ብዙ ቀዳዳ ስለሆነ የቀድሞው ጠላ ኮምጣጣ በውስጡ ይቀራል፤ ጢሱና ሙቀቱ ያንን ይቀንሳሉ። የሚጤሰው ደረቅ ወይራ መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ጥላሸት ይተዋል፣ ጠላውም አመድ አመድ ይላል።

መጀመሪያ ጌሾ ቅጠሉ በ4 ወይም በ5 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ የብቅሉ ዱቄትና በስሱ ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል፤ ጥንስሱ ይህ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን አረፋ አውጥቶ ሲንተከተክ እርሾው ሥራ ይዟል። አረፋ ካላወጣ መጠበቅ እንጂ ወደ ድፍድፍ ማለፍ አይገባም፤ ደካማ ጥንስስ ላይ ብዙ እህል መጨመር ጣፋጭ፣ ቶሎ የሚኮመጥጥ ጠላ ይወልዳል።

ቀጥሎ አሻሮው፣ እንኩሮውና ጌሾ እንጨቱ ይገቡና እንደ ወፍራም ገንፎ ይደፈደፋል። ድፍድፉ በቆላ 3 ቀን፣ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ ቦታ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በፋብሪካ ቢራ አጠማመቅ የብቅሉ ኢንዛይም ሥራ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውኃ በአንድ ሰዓት ያህል ያልቃል፤ እርሾው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በጠላ ግን ስታርቹን ወደ ስኳር፣ ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጥ በአንድ ጋን በአንድ ጊዜ፣ በዝግታ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የሳሙኤል ሳህሌና የብርሃኑ ጋሼ የረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ በዚህ ሂደት ጎን ለጎን መሥራታቸውን አሳይቷል፤ አየር ሲያገኝ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው አሴቶባክተር የሚበረታው ኋላ ነው።

በመጨረሻ ውኃ ይሞላል፤ የጋኑ አፍ በጨርቅ ተሸፍኖ በጭቃ ይመረጋል። ከአንድ እስከ 3 ቀን ውስጥ ጠላው ይደርሳል። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ወዲያው መጠገን አለበት።

አቀማመሱ

በማኅበር ወግ አሳላፊዋ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። ትርጉሙ መጠጡ ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ለዳኝነት ግን አይበቃም። ሁለትና ከዚያ በላይ ጠላዎችን ለማወዳደር የሚያስፈልገው የብርጭቆ ዕቃ ነው። ጣሳ ቀለም ይደብቃል፣ ሽክናና ዋንጫም የራሳቸውን ሽታ ይጨምራሉ። ጠላው ከጋኑ ሲቀዳ መናወጥ የለበትም፤ የመጀመሪያው ቅጂ ይተዋል፣ ከወገቡ የሚቀዳው ነው የሚዳኘው። ቅደም ተከተሉ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ፣ ከነጣው ወደ ጠቆረው፣ የተጠለለው መጨረሻ። ጠማቂዋ ማን እንደሆነች ለቀማሹ አይነገርም። በመካከሉ አፍ የሚጸዳው በውኃና ጨው በሌለው ዳቦ ነው፤ ቆሎ ለመጠጥ ማጀቢያ ጥሩ ቢሆንም ለዳኝነት መጥፎ ነው፣ የቆሎው ቁሌት ከአሻሮው ጋር ይምታታልና። በርበሬ ወይም ቡና ከቀመሱ በኋላ ምሬትን መመዘን አይቻልም።

ቀለሙ ከግራጫማ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡና ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ትክክል ነው። ጉሽነት ጉድለት አይደለም። ጉሽ ጠላ ገና ያልጠለለ፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ጠላ ነው፤ የሚወደውም ብዙ ነው። ጉድለት የሚሆነው ይጠልላል የተባለው ጠላ ሳይጠልል ሲቀር ነው።

ሽታው ቀጥሎ ነው፤ ብርጭቆው ተነቅንቆ ወዲያው ይሸተታል። በቅድሚያ ቀለል ያለ የወይራ ጢስ፣ ከሥሩ የተቆላ ገብስ፣ ከዚያ ጌሾ። ጢሱ ሌላውን ከሸፈነ ጋኑ ከልክ በላይ ታጥኗል። የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫን ከወጋ አየር ገብቷል ወይም ጠላው ሰንብቷል። የምድር ቤት እርጥበት ሽታ የሻገተ ብቅል ነው፤ እርሱን መቅመስም አያስፈልግም።

ጉንጩ ትንሽ ይሁን፤ 5 ሰከንድ ያህል በአፍ ይያዝና ይዋጥ። ቀላል ኮምጣጣነት የጠላ ባሕርይ ነው፤ ጥሩ ጠላ አፍን ያነቃል እንጂ አያሳቅቅም። ጣፋጭነቱ ከጎላ አልደረሰም፤ ተመርጎ አንድ ሁለት ቀን ቢጨመርለት ይስተካከላል። የኮመጠጠውን ግን ምንም አይመልሰውም፤ ስኳር መጨመር መደበቅ ነው። ምሬቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን አለመለየት የጀማሪ ቀማሽ ስሕተት ነው። የጌሾ ምሬት ንጹሕ ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ያረረ አሻሮ ምሬት ከፊት ይቀድማል፣ ከሰል ከሰል ይላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጌሾ እንጨቱ በዝቶ ወይም ድፍድፉ ውስጥ ሰንብቶ ከሆነ ሦስተኛ ነገር ይመጣል፤ ምላስን እንዳልበሰለ ሙዝ የሚያደርቅና የሚያኮማትር ስሜት። ውኃ ውኃ ማለት የመጨረሻው ሙሌት መብዛት ነው፤ ለሽያጭ በሚጠመቅ ጠላ የሚያጋጥመው ጉድለት በአብዛኛው ይኸው ነው።

በአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ውድድር ዳኞች የሚሠሩበት የ50 ነጥብ ቅጽ አለ፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። ክፍፍሉ ለጠላም ክፉ አይደለም። ችግሩ ኮምጣጣነትና ጢስ ለአብዛኛው ቢራ እንከን ተብለው መታየታቸው ነው፤ ቅጹን የሚዋስ ሰው እነዚህን ሁለቱን እንደ ባሕርይ መቁጠር አለበት።

በየአካባቢው

በጎንደር ኮረፌ በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የሚታወቅ፣ ከገብስ የሚጠመቅ ወፍራም የጠላ ዘመድ ነው። የጉራጌ ጠላ ቅመም ይገባበታል። የኦሮሞ ጠላ ጌሾ የለውም፣ ወፍራምና ጣፋጭ ነው ተብሎ በብዙ ጽሑፍ ይደጋገማል፤ ሆኖም በሸዋ ብዙ የኦሮሞ ቤቶች ጌሾ ስለሚጠቀሙ አባባሉን እንደ አጠቃላይ ሕግ መውሰድ አይገባም። የደቡቡ ቦርዴ ያለ ጌሾ የሚሠራ ሌላ መጠጥ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ጠማቂዎች የደረቀ ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ ይገዛሉ፤ በእስራኤልም ቤተ እስራኤላውያን ጠላ መጥመቃቸውን አልተዉም። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ ያለ ቀረጥ ለራስ ፍጆታ መጥመቅን ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። በጋን ፋንታ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ በርሜል ይሠራል፤ ነገር ግን ጋዙ መውጫ ካላገኘ ክዳኑ ይፈነጠራል። ፕላስቲክ ስለማይታጠን የወይራ ጢሱ የሚገኘው አሻሮውን በማጠን ነው።

የሞላው ጠላ ሲያልቅ ዝቃጩ ላይ ውኃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ ቅራሪ በራሱ ልክ ቀላል መጠጥ ስለሆነ ከዋናው ጠላ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ የሚተርፈው አተላ ለከብት ይሰጣል።