ፕሮስክሪፕቲዮ፦ የሮም ሪፐብሊክ የሞት ዝርዝር

ፕሮስክሪፕቲዮ ማለት የአንድን ሮማዊ ስም አደባባይ ላይ ለጥፎ ደሙን ደመ ከልብ ማድረግ፣ ሀብቱን መውረስ ነው። ቃሉ ቀድሞ የሚሸጥ ንብረት ማስታወቂያ ማለት ነበር፤ የሰው ስም የሰፈረበት ሮምን በጦር ኃይል በያዘው በጄኔራሉ ሱላ ዘመን፣ በ82 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ግሪካዊው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው መጀመሪያ 80 ሰው ተለጠፈ፤ አንድ ቀን ታልፎ 220፣ በማግስቱም የዚያኑ ያህል ተጨመረ።

አሠራሩ የሒሳብ ሹም ሥራ ይመስላል። ገዳይ የተገደለውን ራስ ቆርጦ ሲያቀርብ፣ ጌታውን የገደለ ባሪያም ቢሆን፣ 12,000 ዲናር ይቆጠርለታል። የደበቀ ይገደላል። የሟች ልጆችና የልጅ ልጆች ሹመት አያገኙም፤ ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። ክፍያው በመንግሥት መዝገብ ስለሚሰፍር፣ ታናሹ ካቶ ከዓመታት በኋላ የግምጃ ቤት ሹም ሲሆን ገዳዮቹን ከነስማቸው አግኝቶ ገንዘቡን አስመልሷል።

ቀዳዳው ሐራጁ ላይ ነበር። ዝርዝሩ በ81 ሰኔ መባቻ ተዘግቶ ሳለ፣ ከወራት በኋላ የተገደለው የአሜሪያው ሮስኪዩስ እንደ ተለጠፈ ተቆጠረ። 6 ሚሊዮን ሴስተርስ (የዲናር ሩብ የሆነ ሳንቲም) የሚያወጣ ንብረቱን፣ ሱላ ከባርነት ነፃ ያወጣው ክሪሶጎኖስ በ2,000 ወሰደው። አባትህን ገድለሃል ተብሎ የተከሰሰውን ልጁን ወጣቱ ጠበቃ ሲሴሮ ተሟግቶ አስፈታው።

ጁሊየስ ቄሳር ዝርዝር አልለጠፈም፤ እሱን ራሱን ከገደሉት መካከል ግን ቀድሞ ምሕረት ያደረገላቸው ነበሩ። ከእሱ ሞት በኋላ ሥልጣን የተካፈሉት ሦስቱ ሹማምንት አንቶኒ፣ ኦክታቪያንና ሌፒደስ በ43 አዲስ ዝርዝር ሲያወጡ ይህንኑ ምክንያት አደረጉ። እውነተኛው ጉዳይ ግን ገንዘብ ይመስላል፦ የቄሳር ገዳዮች ብሩተስና ካሲየስ ምሥራቁን ይዘዋል፣ ወታደሩ ደመወዙን ይጠብቃል። ሽልማቱ ለነፃ ሰው 25,000 ዲናር፣ ለባሪያ 10,000ና ነፃነት ሆነ። አንቶኒ አጎቱን፣ ሌፒደስ ወንድሙን አስጻፉ፤ ሁለቱም አመለጡ። ሲሴሮ ግን ታኅሣሥ ላይ ተይዞ ራሱና እጁ ሲናገርበት በኖረው መድረክ ላይ ተሰቀለ።

ሐራጁ በዚህ ጊዜ ገዢ አጣ። ብር እንዳለው ያሳየ ሰው ነገ ስሙ እንዳይለጠፍ ይፈራል፤ ዋጋው ወደቀ። የታሪክ ጸሐፊው አፒያን እንደሚለው 200 ሚሊዮን ድራክማ (ዲናርን በግሪክኛ ሲጠራው ነው) ጎደለ። ሦስቱ ሹማምንት 1,400 ባለጸጋ ሴቶችን ለግብር ሲያስመዘግቡ፣ የአንደበተ ርቱዑ የሆርቴንሲየስ ልጅ ሆርቴንሲያ ፎረም በተባለው የሮም አደባባይ ላይ ቆማ ሹመትም ሥልጣንም የማይካፈሉ ሴቶች ለምን ይከፍላሉ ስትል ተከራከረች። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ 400 ወረደ፤ የቀረው ጉድለት ከ100,000 ድራክማ በላይ ባላቸው ወንዶች ላይ ተጣለ።