«ዳር ዳሩን ሂድ» እና ሌሎች ብስክሌተኛን የሚጥሉ ምክሮች

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ምክር አያጣም። ጎሚስታው ይመክራል፣ መኪና ያለው ዘመድ ይመክራል፣ በዕድሜው ፔዳል ረግጦ የማያውቅ ጎረቤትም ይመክራል። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ቸርኬ ያጣምማሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ይጥላሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ዋናው ጠላት ትልቅ ጉድጓድ ነው»

ትልቅ ጉድጓድ ቢያንስ ከሩቅ ይታያል። ክፉው ከጎማው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ጠባብ ክፍተት ነው። የባቡር ሐዲድ፣ የፍሳሽ ፍርግርግ፣ የድልድይ መጋጠሚያ፣ አስፋልቱን በርዝመቱ የሰነጠቀ መስመር፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄደው ነጂው ሳይታወቀው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ሚዛኑን ስለሚያስተካክል ነው። የፊት ጎማ ክፍተት ውስጥ ከገባ መሪው ይያዛል። መሪው ከተያዘ ሚዛን ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። ብስክሌቱ ይጋደማል፣ ነጂው ወደፊት ይበራል። ይህ እንዲሆን ፍጥነት አያስፈልግም፤ በእርጋታ የሚሄድም ይወድቃል።

ሐዲድ የሚሻገሩት በተቻለ መጠን ወደ 90 ዲግሪ በቀረበ ማዕዘን ነው። ሐዲዱ መንገዱን በሰያፍ የሚቆርጥ ከሆነ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩና ቀጥ ብላችሁ ግቡ። ብረቱ ላይ እያላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪም አትጠምዝዙ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። የፍሳሽ ፍርግርግም እንዲሁ ነው። ክፍተቶቹ መንገዱን ተሻግረው ከተገጠሙ ጎማው ተንገጫግጮ ያልፋል። ወደ መንገዱ ርዝመት ከተገጠሙ ግን ጎማ ይውጣሉ። እንዲህ አድርጎ የገጠመው ሰው ብስክሌት ነድቶ እንደማያውቅ መገመት አያቅትም።

«ጉድጓድ ስታይ ፍሬኑን ጨምቀህ ያዝ»

ግማሹ እውነት ነው። ጉድጓዱ ጋ ሳትደርሱ ፍሬን መያዝ ተገቢ ነው። ፍሬኑን እንደጨመቁ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። ጎማው በዚያ ክብደት ተጭኖ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ማዶ ያለውን ጠርዝም በሙሉ ኃይሉ ይመታዋል። የሚጣመመው ቸርኬ፣ ከመሪው ላይ የሚወረወረውም ሰው ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ልክ ከመግባታችሁ በፊት ፍሬኑን ልቀቁ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ በሉ፣ ክርንና ጉልበታችሁን አላሉ። ያኔ ምቱን የሚበላው እግርና ክንዳችሁ ነው። ወደ ጎን መሸሽ የሚቻለው ከኋላ የሚመጣውን ካያችሁ ብቻ ነው። ቸርኬ ይገዛል፤ ሕይወት ግን አይገዛም።

«ጎማው ተንፍሷል፤ ሚስማር ወግቶታል»

ከመነዳሪውን፣ ማለትም ጎማው ውስጥ ንፋስ የሚይዘውን ላስቲክ፣ አውጥታችሁ ተመልከቱት። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉበት ሚስማሩ ንጹህ ነው። ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ስትመቱ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጠርዙ መካከል ተቆንጥጧል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው። ለጥፎ ያለ በቂ ንፋስ መመለስ፣ ነገ ደግሞ ለመለጠፍ ቀጠሮ መያዝ ነው።

ቀዳዳው አንድ ሆኖ በቸርኬው በኩል ከሆነ የራጂዎቹን (ቸርኬውን ከመሃለኛው ክፍል ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ዘንጎች) ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቶ ይሆናል። በውጭው በኩል ከሆነ የወጋው ነገር አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሊኖር ይችላል። ካረጁ የመኪና ጎማዎች የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ለዓይን አይታዩም። ጥጥ ይዛችሁ የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ ጥረጉት፤ ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

«እንግዲያው ድንጋይ እስኪሆን ንፋው»

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው። እዚያ መድረስ አለባችሁ ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ ይነጥራል። የነጠረ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ንዝረቱም ሳይቀንስ ወደ እጃችሁና ወደ ቸርኬው ይደርሳል።

ልኩ በክብደታችሁና በጎማው ስፋት ይወሰናል። 5 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ጎማ በ40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ደህና ይሄዳል። 2.5 ሳንቲሜትር የሆነው ቀጭኑ ጎማ በዚያው ንፋስ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ያስመታል። አብዛኛው ክብደት ከኋላ ስለሚያርፍ ለኋላው ጎማ ትንሽ ይጨመርለታል። ከመነዳሪ ሳይቀደድም ቀስ በቀስ ንፋስ ይለቃል፤ በየሳምንቱ ማየት አይከፋም።

«ዳር ዳሩን ሂድ፣ ምንም አትሆንም»

የመኪና ጎማ የመንገዱን መሃል እየጠረገ ይሄዳል። የተጠረገው ስብርባሪ ጠርሙስ፣ ሽቦና ጠጠር የሚከማቸው ዳር ላይ ነው። ፍርግርጎቹ ያሉት ዳር ነው። አስፋልቱ የሚፈረፈረውም ዳሩ ላይ ነው። የቆሙ መኪኖች ካሉ ደግሞ በር አለ። በድንገት የሚከፈት በር 1 ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ፍሬን ለመያዝም ጊዜ አይሰጥም። ከቆመ መኪና ከ1 ሜትር በላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝም ትንሽ ገባ ብሎ መንዳት ይሻላል። ጉድጓድ ቢመጣ ወደ ዳር የሚሸሹበት ቦታ ይኖራል፤ አሽከርካሪም ቀድሞ ያያችኋል። ክላክስ የሚያደርግላችሁ አይጠፋም፣ ያድርግ። ያያችሁ ሰው ነው።

«ልሙጥ ጎማ በዝናብ ይንሸራተታል»

ይህ ከመኪና የተወረሰ ፍርሃት ነው። የመኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ በፍጥነት ሲሄድ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የብስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ ነው፣ ውሃውን እየሰነጠቀ ያልፋል። ለአውሮፕላን ጎማ የወጣውን የታወቀ ስሌት ብንጠቀም፣ 60 ፒኤስአይ ንፋስ ያለው ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በሰዓት 130 ኪሎሜትር ገደማ ሲሄድ ነው። ጥርስ ያለው ጎማ ጭቃና ለስላሳ አፈር ላይ ይጠቅማል። አስፋልት ላይ ግን ብዙም ለውጥ አያመጣም።

በእርግጥ የሚያንሸራትተው ሌላ ነው። እርጥብ የብረት ክዳን፣ የዜብራው ቀለም፣ እርጥብ ቅጠል፣ መታጠፊያ ላይ የተበተነ ጠጠር። ዝናቡ የጀመረባቸው ደቂቃዎችም መጥፎ ናቸው፤ መንገዱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይለወሳል። በእነዚህ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ሳያዘነብሉና ፍሬን ሳይዙ ማለፍ ነው። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ ደግሞ ሲረጥብ ወዲያው አይነክስም። ውሃው እስኪጠረግ ቀደም ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት።

«ኩሬው ቢያረጥበኝ ነው»

ውሃው እዚያ ያቆረው ጉድጓድ ስለሆነ ነው። ጥልቀቱን ማን ያውቃል?

«ቸርኬው ካልተጣመመ ደህና ነው»

ጎማው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ራጂ ወደ መሬት ሲደርስ ይላላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል። በምት የላላ ራጂ በየዙሩ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይደክማል። ከዚያ ከቀናት በኋላ ለስላሳ መንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ መሃለኛው ክፍል አጠገብ ካለው መታጠፊያው ይበጠሳል። ሰው ታዲያ «ምንም ሳልነካው ተበጠሰ» ይላል።

ከከባድ ምት በኋላ ብስክሌቱን አንስታችሁ ጎማውን አሽከርክሩት፣ ወደ ጎን ይወላገድ እንደሆነም እዩ። ራጂዎቹን ጥንድ ጥንድ እየያዛችሁ ጨመቅ አድርጓቸው፤ የላላው ይታወቃል። የጎማው ጎን እንደ እብጠት ከተነፋ አትንዱት። ውስጡ ያለው ጨርቅ ተበጥሷልና ሊፈነዳ ይችላል። የአልሙኒየም ቸርኬ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ጎድጉዶ ይታያል። የካርቦን ግን ሳይጎደጉድ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ በብርሃን ዙሪያውን ይታይ።

«መንገዱ የመኪና ነው፤ ብስክሌተኛ ስለ አስፋልት ምን አገባው?»

በአሜሪካ የብስክሌተኞች ማኅበር የተቋቋመው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። መኪና ገና መንገድ ሳያጣብብ ለተሻለ መንገድ መወትወት ከጀመሩት መካከል እነዚሁ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በ1892 ለዚሁ ጉዳይ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ብስክሌተኛው ለመንገዱ እንግዳ አይደለም።

ለሚመለከተው አካል ስታመለክቱ «ጉድጓድ አለ» ማለት አይበቃም። የትኛው መስመር ላይ፣ ከጠርዙ ምን ያህል እርቆ እንዳለ ጻፉ። ጎማችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ መጠኑ ያኔ ይታያል። ፍርግርግ ከሆነ ክፍተቶቹ ወደየት እንደሚያመለክቱ ግለጹ። ክዳኑ አራቱም ጎኖቹ እኩል ከሆኑ አንስቶ አዙሮ መልሶ መግጠም ብቻ ሊበቃ ይችላል።