ስትራቴጂያዊ ነፃነት ምንድን ነው? የሕንድና የፓኪስታን መከላከያ ወጪ እንደ ማሳያ

አንድ አገር ከማን ጋር እንደሚወዳጅ፣ መሣሪያ ከማን እንደሚገዛና ከየትኛው ጦርነት እንደሚርቅ ሌላ ኃይል ሳይጫነው ራሱ መወሰን ሲችል ስትራቴጂያዊ ነፃነት አለው ይባላል። ይህ ነፃነት ከመከላከያ በጀት ጋር በጥብቅ ይያያዛል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ወሳኙ የወጪው መጠን አይደለም። ገንዘቡ ከየት እንደተገኘ፣ መሣሪያው የማን ሥሪት እንደሆነና በውጊያ መካከል መለዋወጫውን የሚልከው ማን እንደሆነ የበለጠ ይወስናል። ለዚህ ከሕንድና ከፓኪስታን የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1947 ከብሪታንያ አገዛዝ ነፃ በወጡበት ዓመት ሁለቱም የእኔ ነው በሚሉት የካሽሚር ግዛት ምክንያት ጦር ተማዘዙ። በሕዝብ ብዛትም በኢኮኖሚም እጅግ የምታንሰው ፓኪስታን የጎደላትን በውጭ ወዳጅ ለመሙላት መረጠች፤ በ1954 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ድጋፍ ስምምነት ተፈራረመች፣ ወዲያውም የምዕራባውያኑን ጎራ ወታደራዊ ኪዳኖች፣ ሲቶ የተባለውን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ኪዳንና የባግዳድን ቃል ኪዳን ተቀላቀለች። በጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ የምትመራው ሕንድ ግን ከሁለቱም የቀዝቃዛው ጦርነት ጎራዎች ውጪ መቆምን መርጣ፣ በ1961 ቤልግሬድ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በተገኙበት ጉባኤ የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

የፓኪስታን ስሌት በ1965ቱ ጦርነት ተፈተነ። አሜሪካ በሁለቱም ተፋላሚዎች ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለች። ማዕቀቡ በወረቀት ላይ እኩል ነበር፤ በተግባር ግን ዋና ዋና ታንኮቹና ተዋጊ ጀቶቹ አሜሪካ ሠራሽ የነበሩትን የፓኪስታንን ጦር ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከሶቪየት ኅብረት እያፈራረቀ ሲገዛ የኖረውን የሕንድን ጦር ብዙም አልነካውም። ኢስላማባድ ወደ ቤጂንግ ይበልጥ የተጠጋችውም ከዚያ በኋላ ነው።

ኤፍ-16 የተባሉት የአሜሪካ ተዋጊ ጀቶች ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ መራራ ነበር። በ1980ዎቹ ዋሽንግተን በአፍጋኒስታን የነበረውን የሶቪየት ጦር ለማዳከም ፓኪስታንን ስለፈለገቻት ጀቶቹን ፈቀደችላት። የሶቪየት ጦር በ1989 ጠቅልሎ ሲወጣ ፍላጎቱ አበቃ። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፓኪስታን የኑክሌር መሣሪያ እንደሌላት ማረጋገጫ መስጠት ስላልቻሉ፣ የፕሬስለር ማሻሻያ በተባለው ሕግ መሠረት እርዳታውም የመሣሪያ ሽያጩም ተቋረጠ። ተሠርተው ያለቁ 28 ጀቶች በአሪዞና በረሃ ቆመው ቀሩ፤ ፓኪስታንም የከፈለችውን ለማስመለስ እስከ 1998 ድረስ ስትሟገት ቆየች። ከተመለሰላት ሒሳብ የተወሰነው በስንዴ መልክ ነበር።

ሕንድም ብትሆን ከጥገኝነት ንጹሕ አይደለችም። በ1962 ቻይና ስታሸንፋት ኔህሩ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የኬኔዲን እርዳታ ለመጠየቅ ተገድደዋል፤ በ1971 ባንግላዲሽ ከፓኪስታን ከተገነጠለችበት ጦርነት ቀደም ብሎ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈርሟል። ውሉ ያስከተለው ዕዳ ከስምንት ዓመታት በኋላ ታየ፦ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታንን ሲወር ሕንድ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ልዩነቱ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ኒው ዴልሂ በርካታ መሣሪያዎችን፣ ለምሳሌ የሶቪየቱን ተዋጊ ጀት ሚግ-21ን፣ በፈቃድ በአገሯ ማምረቷና ሻጮቿን ቀስ በቀስ ማብዛቷ ነው። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም ሲፕሪ እንደሚለው፣ በሕንድ የመሣሪያ ግዢ የሩሲያ ድርሻ ከ2010 እስከ 2014 ከነበረው 72 በመቶ፣ ከ2020 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ወደ 36 በመቶ ወርዷል፤ ፈረንሳይም በ33 በመቶ ተከትላለች። በተመሳሳይ ጊዜ ፓኪስታን ከገዛችው መሣሪያ 81 በመቶው የቻይና ነው።

ወጪውን ስናየው፣ ተቋሙ በ2024 ለሕንድ 86.1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለፓኪስታን 10.2 ቢሊዮን ዶላር መዝግቧል። ከኢኮኖሚያቸው አንፃር ግን ሸክሙ የሚከብደው በፓኪስታን ላይ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ7 ቢሊዮን ዶላር ብድር የተፈቀደላት አገር፣ በጀቷን ስታወጣ የአበዳሪዋን ፊት ማየቷ አይቀርም።

ትልቅ ገበያ መሆንም ራሱን የቻለ ጋሻ ነው። ኤስ-400 የተባለውን የሩሲያ አየር መከላከያ በመግዛቷ ቱርክ በ2020 የአሜሪካ ማዕቀብ ሲጣልባት፣ ያንኑ መሣሪያ በ2018 ያዘዘችው ሕንድ ታልፋለች። ጋሻው ሁሉን አይመክትም፤ በነሐሴ 2025 ዋሽንግተን በሩሲያ ነዳጅ ግዢዋ ምክንያት በሕንድ ሸቀጦች ላይ ተጨማሪ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላለች።

የሕንድና የፓኪስታን አቋም ልዩነት በግንቦት 2025 ግጭታቸው ማብቂያ ላይ በግልጽ ታይቷል። የተኩስ አቁሙን ቀድመው ያወጁት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነበሩ። የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር በይፋ አመሰገኗቸው፤ ሕንድ ግን ስምምነቱ በሁለቱ ጦር የዘመቻ ኃላፊዎች ቀጥተኛ ንግግር የተደረሰ ነው ስትል፣ አለመግባባታቸውን በሁለትዮሽ ንግግር ለመፍታት ከተዋዋሉበት ከ1972ቱ የሲምላ ስምምነት ጀምሮ የያዘችውን ሦስተኛ ወገን አያስፈልገንም የሚል አቋም ደገመች።