የፈርን የሄርባሪየም ናሙና ምንድን ነው?

ሄርባሪየም ዕፅዋት ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ከነታሪካቸው የሚቀመጡበት ቤት ነው። ብሔራዊ ሄርባሪየማችን የሚገኘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በደንብ የተያዘ ናሙና ስንት ዘመን ይቆያል ብትሉ፣ ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ ትግራይና ስሜን ውስጥ የለቀማቸው ዕፅዋት ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ተቀምጠው ተመራማሪዎች ያዩዋቸዋል።

ፈርን ላይ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፈርን፣ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለው ተክል፣ አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል እንደ ዱቄት በደቀቀ ቅንጣት ነው። ቅጠሉን ገልብጡት። ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ሰረዝ ካያችሁ በሽታ እንዳይመስላችሁ፣ የስፖሩ ከረጢቶች እዚያ ተሰብስበው ነው። ዝርያውን ለሚለይ ሰው ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው። አዲያንተም የሚባለው የፈርን ወገን የቅጠሉን ጠርዝ አጥፎ ይሸፍናቸዋል፣ አስፕሌኒየም የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ባሉት ደም ሥር መሰል መስመሮች ጎን ሰረዝ ሰረዝ አድርጎ ይደረድራቸዋል። ስለዚህ ጀርባው ባዶ የሆነ ቅጠል ይዞ መምጣት ብዙም አይረዳም።

ጫፉን ቀንጥሶ መምጣትም እንደዚያው ነው። ቅጠሉ ከነአገዳው፣ እስከ ታች ድረስ ይነቀል፤ አገዳው ሥር ያለው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳው ቡናማ ሽፋን ራሱ ዝርያ ይለያልና። አፈር ውስጥ ከሚሄደው ግንድም ትንሽ ቁራጭ ይጨመር። ግን እባካችሁ፣ ቦታው ላይ አንድ ሁለት ብቻ ካለ ግንዱን አትንኩት፣ አንድ ቅጠልና ፎቶ ይበቃል። ፓርክ ወይም ጥብቅ ደን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ።

ፈርን ቶሎ ይጠወልጋል፣ አንዴ ከተጠቀለለ መዘርጋቱ መከራ ነው፣ ስለዚህ እዚያው ጫካ ውስጥ ጋዜጣ መሃል ዘርጉት፤ ስትዘረጉትም አንዱ ክፍል ጀርባውን እንዲያሳይ ገልብጡት። ከወረቀቱ ከረዘመ እንደ ዚግዛግ ይታጠፋል። እንደ ዛፍ የሚቆመው የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ፈርን ግን ቅጠሉ በጣም ትልቅ ስለሆነ ከታች፣ ከመሃልና ከጫፍ ተቆርጦ ሦስቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ በጋዜጦቹ መካከል መምጠጫ ወረቀትና ካርቶን ገብቶ፣ ከላይና ከታች በእንጨት ርብራብ ተይዞ በቀበቶ ጥብቅ ይደረጋል። እርጥቡን ወረቀት በየቀኑ ቀይሩ፣ አለዚያ ይሻግታል። ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ውብ ሆኖ ደርቆ መለያ ጽሑፍ የሌለው ናሙና ነው። የት ቦታ፣ ስንት ሜትር ከፍታ፣ መቼ፣ ማን ሰበሰበው፣ ድንጋይ ላይ ነው ዛፍ ላይ ወይስ ወንዝ ዳር፣ ይህ ሁሉ እዚያው ቆማችሁ ካልተጻፈ ማታ ላይ ይምታታል። ትኩስ እያለ የነበረው ቀለምም ይጻፍ፣ ሲደርቅ ይጠፋል።

ናሙናው ወደ መደርደሪያው ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ ታሽጎ ለቀናት ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ አብረውት የመጡ ነፍሳት ካሉ የሌላውን ሰው ድካም እንዳይበሉት።