«7 ናኖሜትር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ውስጥ በሂርማታ ገበያ አካባቢ ላፕቶፕ የሚያማርጥ ተማሪ «ይሄኛው 14 ናኖሜትር ነው፣ ያኛው ግን 7» ሲባል (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)፣ ቁጥሩ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የአንድ ነገር ልክ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ቀድሞ ቁጥሩ ከትራንዚስተሩ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያበራና የሚያጠፋ ጥቃቅን ክፍል) በር፣ ማለትም ፍሰቱን ከሚቆጣጠረው አካሉ፣ ርዝመት ጋር ይቀራረብ ነበርና። ዛሬ ግን የአመራረት ቴክኖሎጂ ትውልድ መጠሪያ ብቻ ነው። «7 ናኖሜትር» በሚባለው ቺፕ ላይ እንኳ ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ50 ናኖሜትር ይበልጣል። የኢንቴል «10» በትራንዚስተር ጥግግት ከታይዋኑ ቺፕ አምራች ከቲኤስኤምሲ «7» ጋር ስለሚቀራረብ፣ በእኔ እምነት የሁለት ኩባንያዎችን ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛት ገንዘብን ያለአግባብ ማውጣት ነው።

ኢንቴል 14 ናኖሜትርን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ በኋላ 10 ናኖሜትርን በብዛት ማምረት የቻለው በ2019 ነበር። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ህትመቱ ነው፤ የቺፑ ንድፍ በሲሊከን ላይ የሚታተመው በብርሃን ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን ይህን ያህል የተቀራረቡ መስመሮችን በአንድ ጊዜ ማተም ስለማይችል፣ አንዱን ንብርብር ደጋግሞ ማተም ግድ ሆነ፤ በየድግግሞሹም ጥቂት መዛነፍ ቺፑን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የ13.5 ናኖሜትር ብርሃን ይህን ድግግሞሽ ቢቀንስም፣ አየርም መስታወትም ስለሚውጠው ማሽኑ አየር አልባ መሆንና ብርሃኑን በሌንስ ሳይሆን በማንጸባረቂያዎች መምራት አለበት።