ሚሶጂኖዋር ምንድን ነው?

ቃሉ ለአፍ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሚሶጂኒ ሴትን መናቅ፣ መጥላት ነው፣ ኗር ደሞ በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው፣ ሁለቱን ስትገጣጥማቸው ሚሶጂኖዋር ይሆናል፤ ጥቁር ሴት ሴትም ጥቁርም ስለሆነች በአንዴ የሚወርድባት ንቀት ማለት ነው። ቃሉን በ2008 የፈጠረችው ሞያ ቤይሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። «ሚሶጂኒ ብቻውን አይበቃም ነበር?» ለምትሉ፣ አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ ደሞ ከአንድ ታሪክ ብንጀምር ይሻላል።

2004፣ አትላንታ፣ ስፔልማን ኮሌጅ፣ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው። ራፐሩ ኔሊ እህቱ የደም ካንሰር ይዟት ስለነበር የሱ ፋውንዴሽን ግቢው ውስጥ የአጥንት መቅኔ ለጋሾችን ሊመዘግብ አሰበ፣ ችግሩ በዛው ሰሞን የአንዲት ሴት መቀመጫ ላይ ክሬዲት ካርድ የሚያንሸራትትበት ክሊፕ ነበረው። ተማሪዎቹ አትምጣ አላሉትም እኮ፣ ና ግን ስለ ክሊፑም እናውራ ነው ያሉት፣ ፋውንዴሽኑ ዝግጅቱን ሰረዘ። ከዛ ወቀሳው በነሱ ላይ ዞረ፣ ሰው እየሞተ እናንተ ስለ ክሊፕ ታወራላችሁ ተባሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ራሷ ሞያ ቤይሊ!

ነገሩ እዚች ጋ ነው ያለው። ጥቁር ሴት ስትናገር ሁሌ ምረጪ ትባላለች፣ ወይ ከወገንሽ ወይ ከሴትነትሽ።

ስድቡ ራሱ ደሞ ሂፕሆፕ የፈጠረው አይደለም። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት ኤልዛቤል አለች አይደል፣ አሜሪካ ውስጥ በባርነት ዘመን ስሟን ለጥቁር ሴት ለጠፉላት፣ «ራሷ ናት የምትፈልገው» ለማለት፣ ጌታው ሲደፍራት ጥፋቱ የሷ እንዲሆን ነዋ። ሌላዋ ሳፋየር ናት፣ ከድሮ የሬዲዮ ኮሜዲ የመጣች ባሏን ስትጨቀጭቅ የምትውል ሴት፣ ዛሬም ጥቁር ሴት ድምጿን ትንሽ ከፍ ካደረገች ቁጡ፣ ነገረኛ የምትባለው ከዛው ነው። አሁን አንዳንድ የራፕ ክሊፕ አስቡ፣ ሰውየው ከነጃኬቱ ከነሰንሰለቱ ቆሞ ሴቶቹ በፓንት ዙሪያውን ሲወዛወዙ፣ ያቺው ኤልዛቤል ናት፣ ልብሷ ብቻ ነው ያጠረው። (እኔም ሂፕሆፕ እየሰማሁ ነው ያደኩት፣ አሁንም እሰማለሁ፣ ጠላት አትበሉኝ።)

ሂፕሆፕ ለሌላውም ምቹ ሰበብ ሆኗል። በ2007 ዶን አይመስ የሚባል ነጭ የሬዲዮ ሰው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሴት ባስኬት ተጫዋቾችን በጸጉራቸውም በሴትነታቸውም ሰደባቸው፣ ሲያፋጥጡት ራፐሮቹም እኮ ይሉታል ብሎ ተከላከለ፣ ከስራ መባረሩ ግን አልቀረለትም። ሴቶቹ ራፐሮች ደሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ኩዊን ላቲፋ ሴት መሰደብን በተቃወመችበት ዘፈን በ1995 ግራሚ ወስዳለች።

ለኔ ከሁሉም የሚያመኝ የራፐሯ የሜጋን ዚ ስታሊየን ታሪክ ነው። ሐምሌ 2020 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቶሪ ሌንዝ የሚባል ጥቁር ራፐር እግሯን በጥይት መታት፣ ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ ሁለት ወር እንኳን አልሞላም ነበር፣ ፖሊስ ሲመጣ መሳሪያ አለ ብትል ምን እንደሚከተል ስለፈራች ስባሪ ጠርሙስ ረግጬ ነው አለች። በኋላ እውነቱን ስትናገር ያቺኑ ጠርሙስ እያነሱ ውሸታም አሏት፣ ቁስሏ ሚም ተሰራበት፣ ቁመቷ ላይ ሳይቀር ተቀለደ፣ ረጅምና ጠንካራ ጥቁር ሴት አይቆረቁራትም ይመስል። ታህሳስ 2022 ላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፣ በ2023 አስር ዓመት ተፈረደበት። ኢንተርኔት ላይ ግን ጥቁር ወንድ አሳሰረች እያሉ የሚሰድቧት ነበሩ፣ ያን ማታ ፖሊስ ፊት ዋሽታ የሸፈነችውን ሰውዬ ማለት ነው።