ስለ ካፒቴን ሃዶክ ውስኪ በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

ቲንቲን የተባለውን የወጣት ጋዜጠኛ የሥዕል ታሪክ ልጅ ሆኖ ያነበበ ሰው ስለ ጓደኛው መርከበኛ ካፒቴን ሃዶክ የሚያወራው አያጣም። ጥቁር ጢም፣ ሰማያዊ ሹራብ፣ ስድብ፣ ውስኪ። እኔም አውርቼ አልጠግብም ነበር። ካደግኩ በኋላ መጽሐፎቹን ደግሜ ሳነብ ግን የማወራው ግማሹ ከየት እንደመጣ ግራ ገባኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

«ሃዶክ ከመጀመሪያውም የሚያስቅ ሰካራም ነው»

የመጀመሪያዎቹ 8 መጽሐፎች ላይ እኮ ጭራሽ የለም። ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ኤርዤ ያመጣው በ9ኛው ታሪክ፣ ያውም በ1940 ጋዜጣ ላይ በተከታታይ መውጣት በጀመረው ነው። ሲመጣም የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳዝን ሰው ነበር። የገዛ ምክትሉ ክፍሉ ውስጥ ውስኪ እያቀረበለት፣ እሱ ጥንብራው ዞሮ ሲጋደም፣ መርከቡ በሸርጣን ጣሳ ኦፒየም ያመላልሳል። ካፒቴን ተብዬው ምንም አያውቅም። ቲንቲን የእናቱን ነገር ሲያነሳበት እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ከዚያ ሁለቱ በጀልባ ሲያመልጡ ሃዶክ ጠጥቶ መቅዘፊያዎቹን አነደዳቸው። በረሃ ላይ ደግሞ ውሃ ጥም ሲያቃዠው ቲንቲን የሻምፓኝ ጠርሙስ ሆኖ ይታየዋል። ቡሹን እነቅላለሁ ብሎ አንገቱን ያንቀዋል! ልጅ ሆኜ በዚህ ስቄያለሁ። አሁን ሳየው ኤርዤ ሱስ ምን እንደሚመስል በደንብ ያውቅ ነበር ባይ ነኝ።

«ቲንቲን ራሱ አልኮል በአፉ አይዞርም»

ይዞራል። ከሃዶክ በፊት በወጣው የደቡብ አሜሪካው ታሪክ ሊረሸን ቆሞ ሳለ አጉዋርዲየንቴ ይጋብዙታል፤ ጠንካራ ነው፣ የእኛ አረቄ ዘመድ በሉት። ሰክሮ «ጄኔራል አልካዛር ለዘላለም ይኑር!» እያለ ሲጮህ መንግሥት ተገልብጦ አልካዛር ሥልጣን ይዞ ቆይቶ ኖሮ፣ ያቺ የስካር ጩኸት ኮሎኔል አደረገችው። ጠጥቶ ሹመት ማለት ይሄ ነው።

የውስኪውን መንገድ የጀመረውም ውሻው ስኖዊ እንጂ ካፒቴኑ አይደለም። በ1938 በወጣው የስኮትላንዱ መጽሐፍ ከባቡር ላይ ካለ ታንከር የሚንጠባጠብ ውስኪ ልሶ ይሰክራል፤ ያኔ ሃዶክ ገና አልተፈጠረም።

«ሎክ ሎመንድ ማስታወቂያ ነው»

ሎክ ሎመንድ ሃዶክ የሚጠጣው ውስኪ ስም ነው። እዚያው ባቡር ላይ ነን። በድሮው እትም ታንከሩ ላይ የተጻፈው ጆኒ ዎከር ነበር፣ የእውነት ብራንድ። መጽሐፉ በ1966 እንደ አዲስ ተሥሎ ሲወጣ የእውነቱ ስም ተነስቶ ሎክ ሎመንድ ተተካ። ሎክ ሎመንድ የስኮትላንድ ሐይቅ ነው። የሚገርመው ግን በዚያው በ1960ዎቹ በሐይቁ ስም የሚጠራ እውነተኛ የውስኪ ፋብሪካ ስኮትላንድ ውስጥ መቋቋሙ ነው፤ እስከ ዛሬም ይጠምቃል።

«ጠፈር ላይ የተንሳፈፈው የውስኪ ኳስ የልጆች ተረት ነው»

ይሄን የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። በ1954ቱ የጨረቃ መጽሐፍ ሃዶክ ውስኪውን በሥነ ፈለክ መጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ሮኬት ላይ ይገባል። ብርጭቆውን ሊጨልጥ ሲል ሞተሩ ይጠፋል። ውስኪው ተነስቶ ኳስ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ካፒቴኑም አፉን ከፍቶ ይከተለዋል። ትክክል ነው! ሞተሩ ሲጠፋ ሮኬቱም፣ ሰዎቹም፣ ውስኪውም አብረው በነፃ ስለሚወድቁ ክብደት አይሰማም፤ ያኔ የፈሳሹ የላይኛው ገጽ ራሱን ወደ ውስጥ ይስብና ድቡልቡል ይሆናል። ጠፈርተኞች ዛሬ በውሃ ሲያደርጉት በቪዲዮ እናያለን። ኤርዤ ይህን ሲሥል የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን ወደ ጠፈር ሊወጣ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር።

«ቢሰክርም ምንም አይደርስበትም» ለሚሉም መልሱ እዚያው አለ። ሰክሮ «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» የሚል ወረቀት ትቶ ከሮኬቱ ይወጣል። አዶኒስ የተባለው አስትሮይድ፣ ማለትም በጠፈር የሚዞር አለት፣ ስቦት ይዞረው ጀመር። ቲንቲን በገመድ ባይደርስለት እስካሁን እየዞረ ነበር።

«ሳንሱር ያደረጉት አውሮፓውያን ናቸው»

የቤልጅግ ልጆች ሃዶክ ጠርሙሱን በአፉ ደፍቶ ሲጨልጥ አይተው ነው ያደጉት። ያ ሥዕል ይውጣልን ያለው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሃዶክን የመጀመሪያ መጽሐፍ ለገበያ ያዘጋጀው የአሜሪካ አሳታሚ ነው።

«በመጨረሻ ራሱ ወስኖ መጠጥ ተወ»

ወስኖ? በ1942ቱ መጽሐፍ የማይጠጡ መርከበኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር፣ የውስኪው ሳጥን ግን መርከቡ ላይ ሲጫን እናያለን። ቀጥሎ ሐኪም በደብዳቤ አልኮል ሲከለክለውም አልተወም።

በ1976 በወጣው፣ ኤርዤ ጨርሶ ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፍ ውስኪው አልጥም ይለዋል። ተጎንጭቶ ይተፋል። መጠጡ የተበላሸ መስሎት ይራገማል። ለካ ወዳጁ ሳይንቲስቱ ፕሮፌሰር ካልኩለስ አልኮልን የሚያስጠላ፣ ራሱ ግን ጣዕምም ሽታም የሌለው ክኒን ፈጥሮ፣ ሳይነግረው በላዩ ላይ ሲሞክርበት ነበር። ሃዶክ ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደጨሰ ያነበበ ያውቀዋል።